ያልተነፋው ፊሽካ

የንስሐ አባቴ ብዙ ነገሬን ያውቃሉ። የወጣትነት ስካሬን ያውቃሉ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ተጣልተን ዓመታት መኮራረፋችንን ያውቃሉ። ይህን ግን አያውቁም። ሚስቴ ከእኔ ጋር አርጅታ ሳታውቀው ሞተች። ልጆቼ የወንዙን ወሬ ስነግራቸው ነው ያደጉት፤ እነሱም አያውቁም። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር «ዘንድሮስ እናገራለሁ» እላለሁ። ጾሙ ይፈታል፤ እኔ እንደታሰርኩ እቀራለሁ።

ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ይሆናል። ስሙኝ። ግን ሳልጨርስ «እግዜር ይፍታህ» እንዳትሉኝ።

በደርግ ጊዜ ልደታ ውስጥ የወንዝ ጠባቂ ነበርኩ። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ ሥራም አላገኘሁም። በዚያን ጊዜ ሥራ ፈትቶ በር ላይ የሚቆም ወጣት የሁሉም ዓይን ያርፍበታል። ቀበሌያችን ደግሞ የወንዝ ዳር ጥበቃ ቡድን አቋቁሞ ነበር። ወንዙ በየክረምቱ ዳሩን እየበላ ወደ ቤቶቹ ይጠጋ ስለነበር ዛፍ እንተክላለን፤ ድንጋይ እንክባለን፤ ቆሻሻ የሚደፋውን እንከለክላለን። ክረምት ሲሆን ደግሞ ተራ ገብተን ውሃውን እንጠብቃለን። ሊቀመንበሩ እናቴን «ልጅሽ እዚያ ይግባ፤ ጎበዝ ከሆነ ለሥራ እንደግፈዋለን» አላት። ገባሁ።

ሳልወድ ነው የገባሁት። ለእኔ ወንዝ ማለት የሰፈሩ ጥራጊ የሚጣልበት፣ አፍንጫን ይዞ የሚታለፍ ቦታ ነበር። የቡድኑ መሪ ጋሽ ተካ ከእርሻ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ባርኔጣ የማይለያቸው ዝምተኛ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን አካፋ ሰጡኝና «ዓመቱን ሙሉ እየው። ከዚያ በኋላ ትጠላው እንደሆነ ንገረኝ» አሉኝ።

መስከረም ነበር። ያን ጥቢ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ክረምቱ የከተማውን እድፍ ጠራርጎ ወስዶ ውሃው ጠርቶ ነበር። የታችኛው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። የእኛን ሰፈር ቆርቆሮ ስመለከት ያደግሁ ልጅ፣ ከጓሯችን ጥቂት ወረድ ብሎ ያ ሁሉ አደይ በገደሉ ላይ ተዘርግቶ ሳይ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ይህ ሁሉ ጊዜ እዚህ ነበር? ማን ደብቆብኝ ነው?

ኅዳር ሲገባ ማለዳው ብርዳም ሆነ። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በኩል ቁልቁል ስንወርድ ወንዙ ራሱ አይታይም። ጉሙ ግን ልክ በወንዙ መንገድ ላይ፣ እሱ በተጠማዘዘበት ሁሉ እየተጠማዘዘ፣ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ወንዙ ከመሬት ተነስቶ በአየር ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። ጋሽ ተካ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለሰው ሲያወልቁ አይቼ አላውቅም።

በጋ ውሃው ቀጠነ፤ ሸተተም። እኛ በባልዲ እየቀዳን የተከልናቸውን ችግኞች እናጠጣለን። አብዛኞቹ ደርቀው እንጨት ሆኑ። «ሞተዋል፤ ለምን እንለፋለን?» ስላቸው ጋሽ ተካ «አንተ ብቻ አጠጣ» ይሉኛል። ከዚያ የበልግ ዝናብ መጣ። የመጀመሪያው ጠብታ አቧራው ላይ ሲያርፍ የሚሸተውን ሽታ ታውቁታላችሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወርጄ ሳይ፣ ሞቷል ያልኩት እንጨት ሁሉ ከአንጓው ላይ የጥፍር ጫፍ የምታህል አረንጓዴ አውጥቷል። ተንበርክኬ አየሁት። ሰው ቢያየኝ የምጸልይ ይመስለው ነበር። ምናልባትም እየጸለይኩ ነበር።

እንዲህ አድርጌ ወንዙን ወደድኩት። ይህን የምነግራችሁ ጥፋቴን ለማስዋብ አይደለም። ጥፋቴ የመጣው ከዚሁ ፍቅር ስለሆነ ነው።

ሐምሌ ሲገባ የጥበቃ ተራ ተጀመረ። ደራሽ ውሃ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ልደታ ላይ ፀሐይ እያለ እንጦጦ ላይ ይዘንባል፤ ያ ዝናብ ተጠራቅሞ ድንገት ይወርዳል። ከታች ወንዙ መሐል ቆሞ ልብስ የሚያጥብ ሰው ምንም አያውቅም። ስለዚህ አንዳችን ወንዙ ከሚታጠፍበት በላይ ባለው ጉብታ ላይ ቆመን ሽቅብ እንመለከታለን። አንገታችን ላይ ፊሽካ አለ። ውሃው ሲመጣ እንነፋለን፤ የሰማ ይወጣል። ሥራው ይኸው ነው። ሕፃን የሚሠራው ሥራ ነው።

የዚያን ቀን ተራው የእኔ ነበር። ጠዋት ዘንቦ ቀን ላይ አባርቶ ስለነበር የጌጃ ሰፈር ሴቶች ልብሳቸውን ተሸክመው ወረዱ። ከነሱ መካከል እትዬ አስካለ ነበሩ። ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የሉም። እትዬ አስካለ ከወልቂጤ በኩል ያመጧትን ታናሽ እህታቸውን አልማዝን ይዘው ነው የሚኖሩት። አልማዝ የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ነበረች። በመንገዷ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ፣ የሕብረት ሱቁን ማስታወቂያ ሳይቀር፣ ቆማ ጮክ ብላ የምታነብ ልጅ ነበረች።

በጉብታው ስር ሲያልፉ አልማዝ ቀና ብላ አየችኝ።

«ንጉሤ፣ ዛሬ ውሃው ይመጣል?»

«እንጃ፣ እንጦጦ ላይ ደመና አለ።»

«ከመጣ ሳትነግረን እንዳትቀር።»

«እኔ እያለሁ ምን ያሰጋሻል? እነፋለሁ» አልኳት።

«ተዋት ይቺን ፈሪ፤ አንተ ሥራህን ሥራ» አሉኝ እትዬ አስካለ እየሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ወደ እኛ ሲገፋ ሌሎቹ ሴቶች ልብሳቸውን ሰብስበው ወጡ። እትዬ አስካለ ግን ጥቂት ስለቀራቸው ቆዩ። ከወጡት አንዷ በኋላ ነገረችኝ። «አስካለ፣ ይቅርብሽ፣ እንሂድ» ብትላቸው፣ «ልጁ ከላይ አለ አይደል» ብለው ነው የቀሩት። ልጁ ከላይ አለ። ልጁ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ አዲስ የተቆፈረ አፈር ሽታ መጣ። ከዚያ ከጆሮዬ በፊት እግሬ ሰማው፤ የቆምኩበት ጉብታ ነዘረ። ሽቅብ አየሁ።

ውሃ አልመሰለኝም። ምድር ተነቅላ የምትሄድ መሰለኝ። ቡናማ ነበር፤ ግንባሩ ቀጥ ያለ፤ ግንድ፣ በርሜል፣ የአጥር ቆርቆሮ ተሸክሞ የገደሉን ግራና ቀኝ እየላሰ ይመጣል። ፀሐይ ደግሞ ከደመናው ስር ሾልካ ወጥታ ግንባሩን አበራችው። በሕይወቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ከመካከሉ አንድ ዛፍ፣ ከነሥሩ፣ ከነቅጠሉ፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይመጣል። ቅርንጫፉ ላይ አንዲት ወፍ ተቀምጣለች። አትንቀሳቀስም። ያ ሁሉ ነገር ከስሯ እየተገለበጠ እሷ ሰፈሯ ላይ እንዳለች ተረጋግታ ተቀምጣለች።

ትበር ይሆን ወይስ አትበር? እኔ ይህን ለማየት ቆምኩ።

ረስቼ ነበር ልበላችሁ? ለዓመታት ለራሴ እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። አልረሳሁም። ፊሽካው ትዝ ብሎኛል። አልማዝና እትዬ አስካለ ከታች እንዳሉ ትዝ ብሎኛል። «አሁን እነፋለሁ» አልኩ በልቤ፤ «ይቺ ዛፍ ብቻ ትለፍ።» እጄ ግን ወደ አንገቴ አልሄደም። ልቤ ሁሉ ዓይን ሆኖ ነበር። ዛፉ ከፊቴ አለፈ፤ ወፏ እንደተቀመጠች አለፈች፤ በመታጠፊያው ዞሮ ከዓይኔ ተሰወረ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ።

አልነፋሁም። አንድ ጊዜም አልነፋሁም።

ሮጬ ስወርድ እትዬ አስካለ ዳር ላይ፣ እስከ ወገባቸው ረጥበው፣ ሳሙናውን በእጃቸው እንደያዙ፣ «አልማዜ፣ አልማዜ» እያሉ ውሃውን ይጠራሉ። በኋላ እንደተናገሩት፣ ልብሱን ለመቋጠር ጀርባቸውን ሰጥተው ጎንበስ ብለው ነበር። መሐል ድንጋይ ላይ የተሰጣውን አንሶላ «አምጪልኝ» ብለው የላኳት እሳቸው ናቸው። ውሃው ሲረጋ ሰዎች ሬሳዋን ከታች ካለው ድልድይ ስር አገኙት።

ጋሽ ተካ ከቀበሌው ችግኝ ጣቢያ እያለከለኩ መጡ። ሰው ተሰብስቧል። ፊቴን አይተው «ነፍተሃል?» አሉኝ።

«ነፍቻለሁ። የውሃው ድምፅ ዋጠው» አልኩ።

መሬት ላይ የተቀመጡት እትዬ አስካለ ቀና አሉ። «ነፍተህ ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ። ደጋግሜ ነፋሁ።»

ደጋግሜ። ይህን ቃል ምን አስጨመረኝ? አንድ ውሸት አይበቃኝም ነበር? እሳቸውም ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ ግራ ጆሯቸው ሲወስዱ አየሁ።

ፈርቼ ነበር። ያኔ በሕዝብ ሥራ ላይ የተገኘ ስንፍና «አሻጥር» የሚል ስም ሊሰጠው ይችል ነበር፤ ያ ስም የተለጠፈበት ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። እውነት ነው፤ ፍርሃቱ ነበር። ግን ጋሽ ተካ አሳልፈው እንደማይሰጡኝም አውቅ ነበር። ፍርሃቱ ለዚያን ቀን ይሁን። መንግሥቱ ወድቆ ማንም የማይጠይቀኝ ጊዜ ሲመጣስ? ያን ጊዜ ምን አፌን ያዘኝ?

በቀበሌው ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ «ጓድ ንጉሤ ግዳጁን ተወጥቷል» አለ። ተጨበጨበልኝ። ፊሽካ እንደማይበቃ ተነግሮ በፋንታው የሚደወል የብረት ቁራጭ ጉብታው ላይ ተሰቀለ። እኔም በዓመቱ ቃል የተገባልኝን ሥራ አገኘሁ።

ጥቅምት ላይ ሸምበቆ ስንተክል እትዬ አስካለ በጥቁር ልብሳቸው ወደ ወንዙ ወረዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወርደው አያውቁም ነበር። ውሃው ኩልል ብሎ ጠርቶ፣ በዚያው ድንጋይ ዙሪያ እየተጫወተ ይሄዳል። ሳሩ እስከ ጉልበት ደርሷል። ብዙ ቆመው አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«ንጉሤ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህና እውነቱን ንገረኝ። ስትነፋ በደንብ ይሰማ ነበር?»

ጋሽ ተካ ራቅ ብለው ነበር። ማንም አልነበረም። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም።

«ይሰማ ነበር» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «በልጅነቴ ይሄ ጆሮዬ መግል ይይዝ ነበር። እሱ ነው። ጆሮዬ ነው የገደላት።» ከዚያ ደግሞ «አንተ ግን ተባረክ፤ የምትችለውን አድርገሃል» ብለውኝ ሽቅብ ሄዱ።

እኔስ? እኔ ወደ ሸምበቆው ተመለስኩ። ሌላም ነገር ልናዘዝ። የዚያን ዕለት ማታ ልብስ ስቀይር ስለ እሳቸው ሳይሆን ስለ ውሃው ጥራት ሳስብ ራሴን ያዝኩት። ወንዙ ከዚያም በኋላ አስደነቀኝ። አልማዝን ከበላ በኋላ እንኳ፣ ኅዳር ሲመጣ ጉሙ እንደገና ያንን ነጭ መንገድ ሲዘረጋ፣ እንደገና ቆሜ አየሁት። ልጠላው ሞከርኩ። አልሆነልኝም። እሱ ምን አደረገ? ወንዝ ነው፤ ክረምት ሲሆን ይሞላል። ሰው የነበርኩት እኔ ነኝ።

ዓመታት አለፉ። እትዬ አስካለ ሴት ልጅ ወለዱ፤ «ምትኬ» አሏት። በጠፋችው ምትክ መሆኑ ነው። መንግሥት ተለወጠ። አንድ ቀን ሰንጋ ተራ ታክሲ ስጠብቅ አገኘኋቸውና እጄን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«ጆሮዬን ታየሁ» አሉኝ። «ምትኬ ካልሄድሽ ብላ ወሰደችኝ። ሐኪሙ በመሣሪያ ሁሉ አየው። ሁለቱም ጤነኛ ነው አለኝ፤ ድሮም ቢሆን የተጎዳ አይመስልም አለኝ።»

አሁን ገባቸው ብዬ አሰብኩ። ልንገራችሁ አይደል፤ በዚያች ቅጽበት ደስ ብሎኝ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ሊሉልኝ ነው፤ እኔ «አዎ» ብቻ ልል ነው።

«እንግዲያው» አሉ መሬት መሬት እያዩ፣ «የደነቆረው ልቤ ነው። ያን ቀን ስለ ሳሙናው፣ ስለ እራቱ ሳስብ ነበር። ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ነው ያልሰማሁህ።»

እኔን መጠርጠር አልመጣላቸውም። እንዴት ይመጣላቸዋል? ተባረክ ብለው የመረቁኝ ልጅ ነኝ። ታክሲው መጣ። «ቻው እትዬ፣ ራስዎን አይጉዱ» ብያቸው ገባሁ። ራስዎን አይጉዱ አልኳቸው። እኔ።

እትዬ አስካለ በቅርቡ አረፉ። ልደታ ተቀበሩ። ለቅሶ ቤት ሄጄ ድንኳኑ ጥግ እንደተቀመጥኩ ምትኬ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ትልቅ ሰው ሆናለች፤ የራሷ ልጆች አሏት።

«ጋሼ ንጉሤ፣ እማዬ ሁልጊዜ ስምዎን ታነሳ ነበር» አለችኝ። «‹ልጁ ነፍቶ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት› ትል ነበር።»

ቆቤን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

«አንድ አመል ነበራት» ብላ ቀጠለች። «ማንም ሳይጠራት ‹አቤት› ትላለች። እንጀራ እየበላን፣ እየተኛን፣ ዝም ብለን ተቀምጠን እያለ፣ ‹አቤት፣ ጠራችሁኝ?› ትላለች። ትንሽ ሆነን እንስቅባት ነበር። ኋላ ግን ለምን እንደሆነ ስትነግረኝ መሳቁን ተውን። ሳትሰማ እንዳትቀር እየፈራች ነው።»

አፌን ከፈትኩ። አንድ ጎረቤት መጥቶ «እግዜር ያጥናሽ» አላት፤ ተነሳች። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ ቆቤን ይዤ ወጣሁ። ሰበብ አጥቼ አላውቅም፤ ያኔም አላጣሁም።

አንዲት ሴት ያልተጠራችውን ጥሪ ስትመልስ ዕድሜዋን ጨረሰች። የሰጠኋት ይህን ነው። ውሃው እህቷን ወሰደባት፤ የተረፈውን ዕድሜዋን ግን የወሰድኩባት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ጥፋት ሰው ሆኜ፣ ተደንቄ፣ ፈዝዤ አጠፋሁት በሉ። ሁለተኛውን ግን ቆሜ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት። ወንዙ ዳር ሁለት ጊዜ፣ ሰንጋ ተራ አንድ ጊዜ፣ በመሐል ባሉት ቀናት ሁሉ ደግሞ በዝምታ።

አርባቸው ገና አልወጣም። ከዚያ በፊት ወደ ምትኬ እሄዳለሁ። ለእናንተ የተናገርኩት አንደበቴን ለማለማመድ ነው፤ ለሷ የምናገረው ግን አጭር ነው። አልነፋሁም እላታለሁ። የእናትሽ ጆሮ ደህና ነበር፤ ልቧም ደህና ነበር፤ የሚሰማ ነገር አልነበረም እላታለሁ። ከቤቷ ብታስወጣኝ እወጣለሁ። ለሰፈሩ ሁሉ ብትናገር መብቷ ነው።

ልጅ ነበርኩ አልላትም። ዘመኑ ክፉ ነበር አልላትም። ውሃው ውብ ነበር ማለትማ፣ እውነት ቢሆንም፣ ለእሷ የሚነገር አይደለም። ይቅርታም አልጠይቃትም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሴት፣ ሳልጠይቃቸው፣ ራሳቸውን እየከሰሱ ሄደዋልና። እናንተም አትፍቱኝ።